የጠዋቱ ልጅ ሥራ የት ገባ?

መጠይቆቹ የመጡት የሳነቴን አምባ አቋርጠው ከደሎ መና በኩል ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ በሚያልፈው መንገድ በካርቶን ተጭነው ጎባ ደረሱ። እዚያ አንድ ቢሮ ውስጥ ሁለት መረጃ አስገቢዎች ተረከቧቸው። ጠዋት ወንዱ፣ ከሰዓት ሴቷ፣ በአንድ ኮምፒውተር ላይ በየራሳቸው አካውንት እየገቡ እያንዳንዱን መጠይቅ ሁለቱም ያስገባሉ፤ በመጨረሻ ሁለቱ ፋይሎች ይነጻጸሩና የጣት ስሕተት ይለቀማል። በጤና ጥናት የተለመደ አሠራር ነው። የጥናቱ ባለቤት ለሁለተኛ ዲግሪዋ የምትሠራ ነርስ ስለሆነች ሁሉም «ሲስተር» ይላታል።

ሥራው ሊጠናቀቅ ሲል ሴቷ የወንዱን ፋይል በአጋጣሚ ከፈተችው። ባዶ ነው። ሲስተር በራሷ አካውንት ገብታ አየች፤ ለእሷ ደግሞ ሁለቱም ባዶ ሆኑባት። በየሳምንቱ በፍላሽ የገለበጠችውን ቅጂ አወጣች፤ እሱም ባዶ። ሴቷ ሥራዋን በራሷ አካውንት ከፍታ ማሳየት ትችላለች፤ ልጁ ግን በዕለቱ ሮቤ ወርዶ ነበርና ጥርጣሬው ሁሉ እሱ ላይ አረፈ። ሳይሠራ አበል ተቀበለ ተባለ።

እኔ የተጠራሁት በዚህ መሐል ነው። ከእኔ በፊት ያየው የኮምፒውተር ባለሙያ «ቫይረስ ነው፤ ፎርማት ይደረግ» ብሎ ሄዷል። ሲስተር ግን እሺ አላለችም። «ጋሼ፣ ልጁን አውቀዋለሁ፤ እንዲህ አያደርግም» አለችኝ።

ፍላሽ ላይ ያሉ ፋይሎችን የሚደብቅ ቫይረስ በአገራችን ብዙ ሰው አስለቅሷልና መጀመሪያ የጠረጠርኩት እሱን ነው። ፈተሽኩ፤ የለም። መብራት መጥፋቱንም አሰብኩ። መብራት ድንገት ሲሄድ የመጨረሻው መዝገብ ሊበላሽ ይችላል፤ የሳምንታት ሥራ ግን ሙልጭ ብሎ አይጠፋም።

ልጁ ከሮቤ ሲመለስ በራሱ አካውንት ገባና ፋይሉን ከፈተ። መዝገቦቹ አንድ በአንድ ተደርድረዋል። የሴቷ ፋይል ግን ለእሱ ባዶ ነው። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፎልደር፣ አንድ የፋይል ስም፤ የሚታየው ግን እንደ ሰዉ ይለያያል። ልጁ ያን ጊዜ ፊቱ ላይ የነበረውን እፎይታ እስካሁን አስታውሳለሁ።

ቀጥሎ የፋይሉን ቀን አየሁ። በፎልደሩ በኩል ሲታይ ለመጨረሻ ጊዜ የተነካው ፕሮግራሙ በተጫነበት ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ማንም አልጻፈበትም ማለት ነው፤ ፕሮግራሙ ውስጥ ግን በመቶ የሚቆጠር መዝገብ ይታያል። ስለዚህ ፕሮግራሙ የሚጽፈው ሌላ ቦታ ነው። ያን ቦታ ለማግኘት በልጁ አካውንት ከፕሮግራሙ ውስጥ በማንም ሊሰጥ በማይችል ስም አዲስ ፋይል ፈጠርኩ። የተደበቁ ፎልደሮች እንዲታዩ አድርጌ «ሲ» ድራይቭን በሙሉ በዚያ ስም አስፈለግሁ። ወጣ። በልጁ አካውንት ስም በተከፈተው ፎልደር ሥር፣ አፕዳታ፣ ከዚያ ሎካል፣ ከዚያ ቨርቹዋልስቶር በሚባል ፎልደር ውስጥ ነው። የጠዋቱ ሥራ በሙሉ ከጎኑ ተቀምጧል። የሴቷም በእሷ አካውንት ሥር እንዲሁ ተገኘ።

ነገሩ የሚጀምረው ከዊንዶውስ ቪስታ ነው። በኤክስፒ ዘመን አብዛኛው ሰው በአስተዳዳሪ አካውንት ስለሚሠራ ፕሮግራሞች መረጃቸውን አጠገባቸው፣ ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ይጽፉ ነበር። በ2007 (እ.ኤ.አ.) ገበያ የወጣው ቪስታ ግን በአስተዳዳሪ አካውንት ለሚሠራውም ቢሆን ፕሮግራሞችን በተራ ተጠቃሚ መብት ማስኬድ ጀመረ፤ በዚያ መብት ደግሞ ያ ፎልደር ዝግ ነው። የቆዩ ፕሮግራሞች እንዳይሰበሩ ደግሞ ማይክሮሶፍት ማለፊያ አበጀ፦ አሮጌ ባለ32 ቢት ፕሮግራም እዚያ ለመጻፍ ሲሞክር ዊንዶውስ አይከለክለውም፤ ድምፁን አጥፍቶ ጽሑፉን ወደ ተጠቃሚው የግል ቨርቹዋልስቶር ያዞረዋል። ፕሮግራሙ መልሶ ሲያነብ መጀመሪያ የሚቀርብለት ያው የግል ቅጂ ነው። ፎልደሮችን የምናይበት መስኮት ግን ይህ ማዞሪያ ስለማይመለከተው ዋናውን ባዶ ፋይል ያሳያል፤ ወደ ፍላሽ የሚገለበጠውም ያው ባዶው ነው። ማይክሮሶፍት ለጊዜው ብሎ ያመጣው ነገር ዛሬም በዊንዶውስ 10 እና 11 ውስጥ አለ።

ጎባ ላይ ፕሮግራሙን የጫነው ሰው ያደረገው «ቀጥል፣ ቀጥል» እያለ መጫን ነው። ባዶዎቹን ፋይሎችም ፕሮግራሙ ያለበት ፎልደር ውስጥ ገለበጣቸው። የፕሮግራሙ መቀመጫና የመረጃው መቀመጫ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች መሆናቸውን ያሰበ አልነበረም።

መዝገቦቹን ከሁለቱ አካውንቶች ሰብስበን የት እናድርጋቸው ስንል ልጅቷ ዴስክቶፕ ላይ ይሁን አለች። ዴስክቶፕ ግን የአንድ አካውንት ንብረት ነው፤ ሌላው አያየውም፤ ያለውም «ሲ» ላይ ስለሆነ በፎርማት አብሮ ይሄዳል። «ዲ» ድራይቭ ላይ ፎልደር ከፍተን ፕሮግራሙንም መረጃውንም እዚያ አደረግን። በተለመደው የዊንዶውስ አሠራር እዚያ ሁሉም አካውንት መጻፍ ይችላል፤ ማዞሪያውም አይነካውም። «ዲ» ያለው በዚያው ሃርድ ዲስክ ላይ ስለሆነ ዲስኩ ከተበላሸ ሁለቱም ይጠፋሉ፤ ስለዚህ ቅጂው በየቀኑ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ይሄዳል። ቅጂው ተከፍቶ መዝገቦቹ ሳይቆጠሩ ደግሞ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም።

ሁሉም ፕሮግራም እንዲህ ይቀመጥ ማለቴ አይደለም። በማይክሮሶፍት አክሰስ የተሠራና ብዙ ሰው የሚጋራው ዳታቤዝ ከሆነ ሠንጠረዦቹ በጋራ ፎልደር ይቀመጣሉ፤ ቅጾቹ ያሉበት ፋይል ግን ለየተጠቃሚው በየራሱ ኮምፒውተር፣ በራሱ ፎልደር ይሰጠዋል። አክሰስ ሲከፈት ከዳታቤዙ ጎን ትንሽ የመቆለፊያ ፋይል ይፈጥራልና መጻፍ በሚከለከልበት ፎልደር ከተቀመጠ የጋራ ሥራው ይሰናከላል። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ) በ1985 (እ.ኤ.አ.) ማውጣት የጀመረው ኢፒ ኢንፎ የተባለ የጤና መረጃ ፕሮግራም ደግሞ በ7ኛው እትሙ ያለ አስተዳዳሪ ፈቃድ በፈለጉት ፎልደር ተዘርግቶ ይሠራል። ለወረዳ ቢሮዎቻችን ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የዩኒቨርሲቲዎቻችን የጤና መመረቂያ ጽሑፎች «መረጃው በኢፒዳታ 3.1 ገባ» የሚል ዓረፍተ ነገር ሞልቷቸዋል። የት ፎልደር ውስጥ እንደገባ ግን አይጽፉም። አማካሪዎች ይህንን መጠየቅ አለባቸው።

አንባቢ ሆይ፣ አንድ ቢሮ ውስጥ መረጃ ጠፋ ተብሎ ኮምፒውተሩ ፎርማት ሊደረግ ከሆነ፣ እባክህ አስቁማቸው። በየአካውንቱ እየገባህ አፕዳታ፣ ሎካል፣ ቨርቹዋልስቶር ውስጥ ፈልግ። መረጃ አስገቢውን ከመክሰስህም በፊት ይህንኑ አድርግ።