የሶላር ትርፍ ከመብራት ሂሳባችን ላይ እንዳይባክን

  

የዛሬው የቤተሰብ ዝግጅታችን በካሊፎርኒያ፣ በኦክላንድ፣ በሳን ሆዜና በሳን ዲዬጎ የሚኖሩ ወገኖቻችንን ይመለከታል። በጣሪያቸው ላይ ሶላር ያስተከሉ ቤተሰቦች በመብራት ሂሳባቸው ላይ «ክሬዲት» የሚል ቁጥር ያያሉ። ይህ ቁጥር ምንድን ነው? እንዴትስ ልንይዘው ይገባል?

ቀን ፀሐይ ስትበረታ ፓነሉ ቤቱ ከሚፈልገው በላይ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ትርፉ በቆጣሪው በኩል ወደ ሕዝቡ መስመር ይሄዳል። ማታ ደግሞ እኛ ከመስመሩ እንወስዳለን። ኩባንያው ለተቀበለው ትርፍ በሂሳባችን ላይ የሚይዝልን ዋጋ ክሬዲት ይባላል። ብዙዎቻችን ግን ይህን በባንክ እንደተቀመጠ ገንዘብ እንቆጥረዋለን። ስሕተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

በግዛቲቱ ባሉት ሦስት ትላልቅ የግል ኩባንያዎች ዘንድ ሁለት ዓይነት ደንብ አለ። እንደ ሎስ አንጀለስና ሳክራሜንቶ ያሉ ከተሞች የሕዝብ ድርጅቶች የየራሳቸው ደንብ አላቸው።

እስከ ኤፕሪል 14 ቀን 2023 ድረስ ማመልከቻ ያስገቡ ቤቶች ከተገናኙበት ጊዜ ጀምሮ ለ20 ዓመት በቀድሞው ደንብ ይቆያሉ። ክሬዲታቸው ወደ መግዣው ዋጋ የቀረበ ነው። ሆኖም ሂሳቡ በየ12 ወሩ ይዘጋል። በዚያ ቀን ያልተሠራበት የዶላር ክሬዲት ይሰረዛል። ገንዘብ የሚከፈለው በዓመቱ የሰጠነው ኪሎ ዋት ሰዓት ከወሰድነው ከበለጠ ብቻ ነው። እሱም ለእያንዳንዱ ጥቂት ሳንቲም ነው፤ እኛ ግን ስንገዛ ከ30 ሳንቲም በላይ እንከፍላለን። ስለዚህ የመዝጊያውን ቀን ከሂሳብ ወረቀቱ ላይ ፈልገን እንያዝ።

ከዚያ ቀን በኋላ ያመለከቱት በአዲሱ ደንብ ሥር ናቸው። ለእነርሱ የቀትር ትርፍ የሚታሰበው ከመግዣው ዋጋ እጅግ ባነሰ ነው። ስለሆነም ዋናው ብልሃት ፀሐይዋ እያለች መጠቀም ነው። እንጀራው በቀትር ይጋገር፤ ልብሱ በቀትር ይታጠብ። ባትሪ ያለው ደግሞ የቀኑን ለማታ ያቆይ። ብዙውን ጊዜ ውዱ ሰዓት ከቀትር በኋላ ከ4 እስከ 9 ሰዓት በአሜሪካ አቆጣጠር ነው። ረመዳን በእነዚህ ዓመታት በክረምቱ ወራት ስለሚውል ኢፍጧር በዚሁ ሰዓት ውስጥ ይገባል። ወጡን ቀን ሠርቶ በመግሪብ ማሞቅ ብቻ ልዩነት ያመጣል።

ታዲያ «ክሬዲቱ ሊሰረዝ ነውና» ብለን መብራት ሁሉ አብርተን እንተው? በፍጹም! ከወንዝ ዳር ሆኖ እንኳ ውኃ ማባከን እንደማይገባ የተማርን ሰዎች ነን። ኢስራፍ በነጻ የተገኘ ነገር ላይም ኢስራፍ ነው። ትርፉ በየዓመቱ የሚደጋገም ከሆነ በጋዝ የሚሠራውን የውኃ ማሞቂያ በኤሌክትሪክ መተካት ይሻላል።

ገና ልታስተክሉ ያሰባችሁ እኅት ወንድሞች ደግሞ «ትርፉ ገቢ ይሆናችኋል» የሚል ሻጭ ሲመጣ አትቸኩሉ። የ12 ወር ሂሳባችሁን አውጥታችሁ በፍላጎታችሁ ልክ አስተክሉ። ከሚያስፈልግ በላይ ፓነል በወለድ ብድር የገዛ ሰው በሁለት በኩል ይጎዳል፤ ትርፉን በጥቂት ሳንቲም ይሰጣል፣ ሪባውን ግን በሙሉ ይከፍላል። ሱረቱል በቀራህ በ282ኛው አንቀጽ ብድር እንዲጻፍ ታዛለች። ውሉን ማንበብ ያቃተው ቋንቋውን የሚያውቅ ልጅ ወይም ጎረቤት አስነብቦ ይፈርም።

ፀሐይ የአላህ ኒዕማ ናት። ኒዕማን ማመስገን አንዱ መንገዱ በልክ መጠቀም ነው። ወላሁ አዕለም።