በአትክልት ላይ የተሸሸገ መርዝ

በሁለቱ ዓባዮች መገናኛ አጠገብ የምትገኘው ኦምዱርማን በገበያዋ ስፋት በሱዳን ምድር ሁሉ ስሟ ሲጠራ የኖረ ከተማ ናት። በዚያ አገር ቲማቲም የሚያምረው በብርዱ ወራት ነው። ሙቀቱ ሲበረታ አበባው ይረግፋል፤ ነጭ ዝንብ የሚያዛምተው በሽታም ቅጠሉን ያጨማድደዋል። ስለዚህ አትክልተኛው በተሸፈነ ቤት ወደ ማብቀልና ወደ መድኃኒት ቢያዘነብል የሚያስደንቅ አይደለም።

ነገር ግን መድኃኒት የተባለው ሁሉ አያድንም። ሻጋታን ለመግደል ብዙ ዘመን ካገለገሉት ቅመሞች መካከል ከባዘቃ የተሠሩት ይገኙባቸዋል። ባዘቃ ንጥረ ነገር በመሆኑ እንደ ሌላው መርዝ ፈርሶ አይጠፋም። በተሸፈነ ቤት ውስጥ ደግሞ ዝናብ አያጥበውም፤ ነፋስም እንፋሎቱን አይበትነውም። ከፍሬው ላይ የሚያርፈው ቅሪት በመጀመሪያ ሠራተኛውን፣ ቀጥሎም ገዢውን ያሰጋል።

የዚህ መርዝ ክፋት የታየው በኢራቅ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1971 ዓ.ም. ለዘር የመጣ፣ ሜቲል ባዘቃ የተቀባ ስንዴና ገብስ ለገበሬዎች ታደለ። ምልክት እንዲሆን ቀይ ቀለም ነበረው፤ ብዙዎች ግን ቀለሙ በውኃ ሲለቅ መርዙም የለቀቀ መስሏቸው እህሉን ጋግረው በሉት። ሕመሙ ወዲያው አልተሰማም፤ ከሳምንታት በኋላ እጅና ከንፈር ደነዘዘ፣ እግር ተብረከረከ፣ ዓይን ፈዘዘ። 6,530 ሰዎች ሆስፒታል ገቡ፤ ከእነዚህም 459 ሞቱ።

ዓለምም ዘግይቶ ነቃ። በ1956 በጃፓን አገር በሚናማታ በታወቀው የባዘቃ በሽታ ስም የተሰየመው ውል በ2013 ጸደቀ፤ በ2017ም በሥራ ላይ ዋለ። ውሉን የተቀበሉ መንግሥታት ባዘቃ ያለበትን የተባይና የሻጋታ መድኃኒት ከ2020 ወዲህ እንዳይሠሩ፣ እንዳያስገቡና እንዳይልኩ ያዛል።

ሆኖም ሕግ በወረቀት ላይ ብቻ ቢቀር ጎታ ውስጥ ያለውን አሮጌ ቆርቆሮ አያወጣውም፤ ጦርነት ባወከው አገር ደግሞ ተቆጣጣሪ አይገኝም። ስለዚህ ገበሬ ሆይ፣ ስሙ የማይነበብ ዕቃ አትግዛ፤ ለዘር የተቀባውን እህል ለቤተ ሰብም ለከብትም አታቅርብ። እመቤት ሆይ፣ ቲማቲሙን በሚገባ እጠቢ፤ ነገር ግን ውኃ ከላይ ያለውን እንጂ ወደ ውስጥ የዘለቀውን እንደማያወጣ ዕወቂ። ጤና የሚጠበቀው ከማድጋው ሳይሆን ከእርሻው ጀምሮ ነው።