ስለ እንቅልፍ መጓደል፤ በሕመምተኛና በአስታማሚ ላይ ስለሚያመጣው ጉዳት

እንቅልፍ ለሰው ሥጋ እንደ እህልና እንደ ውሃ የሚያስፈልግ ነገር ነው። ጎልማሳ ሰው በየሌሊቱ ከ7 ሰዓት ያላነሰ፤ ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅም በቀንና በሌሊት ከ9 እስከ 12 ሰዓት ሊተኛ እንደሚገባው ሐኪሞች ይናገራሉ። ይህ ዘወትር የሚጓደልበት ሰው የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ይቀርበዋል፤ በሽታን የሚከላከለውም የሰውነቱ ኃይል ይደክማል።

ከዚህ ይልቅ የሚከፋው ግን፤ እንቅልፍ ያነሰው ሰው የድካሙን መጠን ራሱ አለማወቁ ነው። በአሜሪካ አገር ተመርምሮ በ2003 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በታተመ ጽሕፈት፤ ለ14 ቀን በየሌሊቱ 6 ሰዓትና ከዚያ በታች የተኙ ሰዎች በማስተዋል ሥራ ቢፈተኑ፤ እስከ ሁለት ሌሊት ጨርሶ ሳይተኛ እንዳደረ ሰው ሲሳሳቱ ተገኙ። እነርሱ ግን ጥቂት ድካም ብቻ እንደ ተሰማቸው ይናገሩ ነበር። ሰካራምን ሰው በአረማመዱና በሽታው ያውቀዋል፤ እንቅልፍ ያጣ ግን ምልክቱ ሁልጊዜ በግልጥ ላይታይበት ይችላል።

ስለዚህ የደከመ ሰው ስለ ራሱ እንዲፈርድ መተው አደጋ ነው። ይህን የኒውዮርክ ሰዎች በኀዘን ተማሩት። በ1984 አንዲት የ18 ዓመት ልጅ ትኩሳት ይዟት ወደ ሆስፒታል ገባች፤ በማግሥቱ ጧት ሞተች። ያከሟት ሐኪሞች ገና በልምምድ ላይ የነበሩ፤ ቀንና ሌሊት አከታትለው እንዲሠሩ በልማድ የታዘዙ ነበሩ። ነገሩን የመረመሩት የሕዝብ ዳኞች ሐኪሞቹን በወንጀል አልከሰሱም፤ የሥራውን ልማድ ግን ነቀፉ። በ1989 እንዲህ ያለ ሐኪም በሳምንት ከ80 ሰዓት፤ ባንድ ተራም ከ24 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ በዚያ ግዛት ደንብ ወጣ። በኋላም በ2004 በቦስተን የታተመ ምርመራ፤ በቀድሞው ልማድ የሚሠሩት ጀማሪ ሐኪሞች ሰዓታቸው ከተቀነሰላቸው ይልቅ ከባድ ስሕተታቸው ከመቶ 36 እጅ እንደሚበዛ አስረዳ።

ከቤተ ክህነት የተማርን ሰዎች ትጋትን በሌሊት መቆም መለካት ለምደናል። ነገር ግን ማኅሌት ቆሞ ያደረ ካህን በዓሉ ሲያልፍ ያርፋል፤ አስታማሚ ግን የሚያርፍበት ቀን የለውም። በየመንደሩ አንዲት እናት ወይም አንዲት ልጅ ብቻዋን ሕመምተኛ ስትጠብቅ ሳምንት ይሞላታል፤ ያን ጊዜ የሰጠችውን መድኃኒት እንዳልሰጠች ቈጥራ ትደግማለች፤ ወይም ሳትሰጥ የሰጠች ይመስላታል። ሽማግሎች ለጎረቤት ሁሉ የማስታመም ተራ ቢያወጡ፤ መምህሩም መድኃኒቱ የሚሰጥበትን ሰዓት በወረቀት ጽፎ፤ በተሰጠ ቍጥር ምልክት እንዲደረግበት ቢያስተምር ይህ ስሕተት ይቀንሳል። በትምህርት ቤትም የሚያንጎላጅ ልጅ ሲያይ፤ ከመቅጣቱ አስቀድሞ ሌሊቱን ማንን ሲያስታምም እንዳደረ ይጠይቀው።