ከቧንቧ ዕቃ የሚሠራ ድምፅ ማጉያ፦ የቱቦ ርዝመትና የድምፅ ውፍረት

ድምፅ ማጉያ ሁለት ክፍሎች ያሉት ዕቃ ነው፤ አንደኛው የኤሌክትሪክ ሞገድን ወደ አየር ንዝረት የሚለውጠው፣ ማግኔት፣ የሽቦ ጥቅልልና የወረቀት ሾጣጣ ተጋጥመው የሚሠሩበት ስፒከር ሲሆን፣ ሁለተኛው ይህ ስፒከር የሚገጠምበት ሣጥን ነው። ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ የተባሉ የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1925 ያስተዋወቁት የስፒከር አሠራር በመሠረቱ ሳይለወጥ እስከ ዛሬ ስለቆየና በገፍ ስለሚመረት፣ ዛሬ ከአሮጌ የመኪና ቴፕ ወይም ከተበላሸ ቴሌቪዥን ተፈትቶ በጥቂት ገንዘብ ይገኛል፤ መርካቶ ውስጥ ምናለሽ ተራን ለሚያውቅ ሰው ይህ አዲስ ወሬ አይደለም። ገንዘብም ጥበብም የሚጠይቀው ሣጥኑ ነው፤ ለፍሳሽ ማስወገጃ የሚዘረጋው የፒቪሲ ቱቦ፣ ማለትም በየሕንፃ መሣሪያ መደብሩ በሜትር የሚሸጠው የፕላስቲክ ቧንቧ፣ ሊተካ የሚችለውም ይህንኑ ሣጥን ነው።

ሣጥን ያስፈለገበት ምክንያት ሾጣጣው ወደ ፊት ሲገፋ ከፊቱ ያለውን አየር እያመቀ፣ በዚያው ቅጽበት ከኋላው ያለውን አየር ስለሚያሳሳ ነው። በሰከንድ 100 ጊዜ የሚርገበገብ፣ በሙያው ቋንቋ 100 ኸርዝ የሚባል ወፍራም ድምፅ የሞገዱ ርዝመት ወደ 3.4 ሜትር ስለሚደርስ፣ የታመቀው አየር በስፒከሩ ጠርዝ ዞሮ ከኋላ የሳሳውን ይሞላዋል፤ ሁለቱም ይጠፋፋሉ፣ የሚቀረውም ቀጭኑ ድምፅ ብቻ ይሆናል። ሣጥኑ የፊቱን ከኋላው ይለያል፤ ነገር ግን ጠፍጣፋ ጣውላ በውስጡ በሚመላለሰው ግፊት እንደ ከበሮ ቆዳ እየተርገበገበ የራሱን ድምፅ በዘፈኑ ላይ ይጨምራል፤ ባለሙያዎች ወፍራም የኤምዲኤፍ ጣውላ የሚመርጡትና ውስጡን በድጋፍ የሚያጠላልፉትም ይህን ለማፈን ነው። ክብ ቱቦ ግን ግፊቱን በዙሪያው እኩል ስለሚቀበልና ግድግዳው ካልተለጠጠ በቀር ሊጎብጥ ስለማይችል፣ ውፍረቱ ጥቂት ሚሊሜትር ሆኖም ከእጅግ ወፍራም ጣውላ ጋር የሚወዳደር ጥንካሬ ያገኛል። የቱቦው ትልቁ ብልጫ ይህ ነው፤ ርካሽነቱ ከዚህ ቀጥሎ ይመጣል።

ቱቦው ጥንካሬውን በነፃ ሲሰጥ አንድ ዕዳም አብሮ ይሰጣል። እምቢልታ ጣት የሚያርፍበት ቀዳዳ ስለሌለው ከአንዱ ቱቦ የሚወጣውን ድምፅ በዋናነት የሚወስነው ርዝመቱ ነው፤ ዜማ ለማውጣትም የተለያየ ርዝመት ያላቸውን እምቢልታዎች የያዙ ነፊዎች እየተቀባበሉ መንፋት አለባቸው። ስፒከር የተገጠመበት ቱቦም እንዲሁ የአየር ዓምድ ነው፤ አንዱ ጫፉ ተዘግቶ ሌላው ከተከፈተ፣ ከቱቦው በአራት እጥፍ ለሚረዝም ሞገድ በተለየ ኃይል ይነቃል። ድምፅ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ አየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ (ፍጥነቱን የሚለውጠው ሙቀት እንጂ የቦታ ከፍታ ስላልሆነ፣ ሙቀቱ እኩል ከሆነ ስሌቱ ለደጋውም ለቆላውም ያው ነው)፣ ይህ ቁጥር ለቱቦው ርዝመት አራት እጥፍ ሲካፈል የቱቦው የተፈጥሮ ድግግሞሽ ይገኛል። አንድ ሜትር የሚረዝም ቱቦ ወደ 86 ኸርዝ ገደማ ይሰጣል ማለት ነው። በዚህ ድግግሞሽ ላይ ሾጣጣው እምብዛም ሳይንቀሳቀስ ክፍት የሆነው ጫፍ ይናገራል፤ ትንሽ ስፒከር ከአቅሙ በላይ ወፍራም ድምፅ የሚያወጣውም በዚህ ምክንያት ነው። ዕዳው ያው ቱቦ በድግግሞሹ ሦስት፣ አምስትና ሰባት እጥፍ ላይም ስለሚያስተጋባ፣ ያልታረመ ቱቦ የሰውን ድምፅ ከጉድጓድ የሚመጣ ማስመሰሉ ነው።

ለዚህ መፍትሔው ከቱቦው በፊት በጣውላ ሣጥን ላይ ተሞክሯል። ቤንጃሚን ኦልኒ በአሜሪካው የስትሮምበርግ ካርልሰን ኩባንያ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1936 የኋላውን ድምፅ በተጣጠፈ ረጅም መተላለፊያ የሚያሳልፍ ሣጥን አቀረበ፤ እንግሊዛዊው አርተር ቤይሊ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1965 ዋየርለስ ወርልድ በተባለው መጽሔት ላይ መተላለፊያውን ጭረቱ ረጅም በሆነ የበግ ፀጉር መሙላት የማይፈለገውን ማስተጋባት እንደሚያፍነው አሳየ። እንደ መንዝ ባሉ የበግ ፀጉር ለበርኖስ በሚፈተልባቸው ደጋ አካባቢዎች ይህ ግብዓት ከደጅ አይርቅም፤ ብል እንዳይበላው በደንብ ታጥቦ መድረቅ ብቻ ይኖርበታል። የተባዘተ ጥጥም ሆነ የትራስ ፋይበር ይሠራል።

ሥራው የሚጀምረው ከመጋዙ ሳይሆን ከስፒከሩ ነው። እያንዳንዱ ስፒከር ሾጣጣው በራሱ የሚርገበገብበት የተፈጥሮ ድግግሞሽ አለው፤ ቱቦው ከዚህ ቁጥር እጅግ ዝቅ ብሎ ቢሰላ ስፒከሩ ሊነዳው አይችልም። ቁጥሩን ለማግኘት ስፒከሩን ከአምፕሊፋየር ጋር በ100 ኦም ሬዚስተር በኩል አገናኝቶ፣ በስልክ መተግበሪያ ከ30 እስከ 200 ኸርዝ ያሉትን ንጹሕ ድምፆች በየተራ እያሰሙ፣ በስፒከሩ ሁለት ጫፎች መካከል ያለውን ቮልቴጅ በቴስተር ማየት ይበቃል፤ ቮልቴጁ ከሁሉ ከፍ የሚልበት ቁጥር የሚፈለገው ነው።

ቁጥሩ ለምሳሌ 80 ኸርዝ አካባቢ ለሆነ ባለ 4 ኢንች ስፒከር፣ ባለ 110 ሚሊሜትር ቱቦና 1.2 ሜትር ርዝመት ተስማሚ ናቸው፤ ከክፍቱ ጫፍ ወጣ ብሎ አብሮ የሚንቀሳቀሰው አየር ቱቦውን 3 ሴንቲሜትር ያህል ስለሚያስረዝመው ድግግሞሹ 70 ኸርዝ ገደማ ይሆናል። ስፒከሩ የት ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ ከርዝመቱ የማያንስ ክብደት አለው፤ ከዝጉ ጫፍ የርዝመቱ ሢሶ በሆነ ቦታ ላይ ሲገጠም በሦስት እጥፉ ድግግሞሽ፣ እዚህ ላይ በ210 ኸርዝ፣ የሚመጣውን ማስተጋባት ከመነሻው አይቀሰቅሰውም። ስለዚህ ቲ የሚባለው ባለ ሦስት አፍ መገጣጠሚያ፣ ያውም ቅርንጫፉ በ90 ዲግሪ የወጣው፣ መሐሉ ዝጉን ጫፍ ከሚደፍነው ካፕ 40 ሴንቲሜትር፣ ከክፍቱ ጫፍ 80 ሴንቲሜትር እንዲርቅ ሆኖ ይገባል፤ ስፒከሩ ከኮምፔንሳቶ በተቆረጠ ቀለበት ላይ ታስሮ በቅርንጫፉ አፍ ላይ ይቀመጣል። ዝጉ ጫፍ ወደ ላይ ሆኖ ክፍቱ በሦስት እግሮች ከወለሉ 15 ሴንቲሜትር ከፍ ሲል፣ ስፒከሩ ከወለል 95 ሴንቲሜትር ላይ ያርፋል፤ ይህም ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው ከጆሮ ከፍታ ብዙ አይርቅም። ከካፑ እስከ ስፒከሩ ያለው ክፍል በላላ ፀጉር ይሞላል፤ ከዚያ በታች እየሳሳ ሄዶ የመጨረሻው ሢሶ ባዶ ይቀራል።

እንዲህ ያለው ሥራ የማይሰጠውንም ማወቅ ይገባል። የድምፅ መሐንዲሱ ሃሪ ኦልሰን እ.ኤ.አ. በ1951 የተለያየ ቅርጽ ያላቸውን ሣጥኖች ሲለካ ለስላሳ ድምፅ የሰጠው ሉል ሲሆን፣ ስፒከሩ በጫፉ የተገጠመበት ሲሊንደር ግን ጠርዙ ድምፁን ስለሚበትነው ደካማ ከሆኑት ጋር ተመደበ፤ ስፒከሩ የተቀመጠበትን የቅርንጫፉን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት ማለዘብ ወይም በወፍራም የሱፍ ጨርቅ መክበብ ጉድለቱን በመጠኑ ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ቱቦው ጠባብ በመሆኑም ከ1000 ኸርዝ በታች ያለው ድምፅ ወደ ኋላ እየዞረ ይሳሳል፤ ርካሹ መድኃኒት ቱቦውን ወደ ግድግዳ ማስጠጋት ነው። ከ70 ኸርዝ በታች ደግሞ ሾጣጣውን የሚደግፈው አየር ስለሌለ፣ የቤዙን መቆጣጠሪያ እስከ መጨረሻው መክፈት ስፒከሩን ይበጥሰዋል። ለአዳራሽ ጭፈራ የሚሆን ዕቃ አይደለም፤ በመኖሪያ ክፍል ለሚሰማ ክራር፣ ሬዲዮና የሰው ድምፅ ግን ከዋጋው እጅግ በላይ ይሠራል።

ቱቦው በሰጌቶ ሲቆረጥ ከሚወጣው ብናኝ በአፍና አፍንጫ መሸፈኛ፣ ከማጣበቂያው ሽታም በተከፈተ መስኮት መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ፒቪሲን በእሳት ማለስለስ ግን መርዛማ ጋዝ ስለሚያወጣ ፈጽሞ አይሞከር። ሽቦዎቹ በስታኞ ከተበየዱና ስንጥቆቹ ሁሉ በሲሊኮን ከተደፈኑ በኋላ፣ የ1.5 ቮልት ባትሪ ለቅጽበት ለግራና ለቀኝ በተሠሩት በሁለቱም ድምፅ ማጉያዎች ላይ በተመሳሳይ አቅጣጫ ይነካ፤ ሁለቱ ሾጣጣዎች ወደ አንድ አቅጣጫ ካልተንቀሳቀሱ የአንደኛው ሽቦ ይገልበጥ፤ አለዚያ የግራውና የቀኙ ወፍራም ድምፅ በክፍሉ መካከል እርስ በርሱ ይጠፋፋል።