ከአንኮበር አፋፍ እስከ ፈንታሌ እሳት

የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ከተማ አያሳልፉም ነበር። ከ1813 እስከ 1847 እ.ኤ.አ. በገዙበት ዘመን አንኮበርም፣ አንጎለላም፣ ደብረ ብርሃንም መናገሻቸው ነበሩ፤ ጓዝ እያስጫኑ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘዋወሩ ነበር። አንጎለላ በምዕራቡ ሜዳ ላይ ናት። አንኮበር ግን ፊቷ ወደ ምሥራቅ ነው፤ ከእግሯ ሥር ቆላው ይጀምራል፤ ከቆላው ወዲያ የአፋር በረሃ፣ ከበረሃው ወዲያ የታጁራ ባሕር አለ። ከባሕር የሚመጣ ጨው፣ መሣሪያ፣ ጨርቅና እንግዳ ሁሉ በዚያ በኩል ወጥቶ ነው ሸዋ የሚገባው። የደጋውን ጥጋብ የያዘ መንግሥት የቆላውን በር ካልያዘ ሙሉ እንዳልሆነ ንጉሡ ያውቁ ነበር።

ዛሬ ሰሜን ሸዋን ለማየት የሚነሳ ሰው ከዚህ የሚማረው አለ። ብዙው ጎብኚ ደብረ ብርሃን ያድራል፣ በማግስቱ አንኮበር ደርሶ ፎቶ ያነሳል፣ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል። ሌላው ደግሞ በሌላ ጊዜ፣ በሌላ መንገድ መተሐራ ወርዶ የፈንታሌን እሳተ ገሞራ ከመኪና መስኮት ያያል። ሁለቱ የአንድ አገር ሁለት ወገን መሆናቸውን ሁለቱም ሳያዩ ይቀራሉ። እኔ የምለው የዕረፍት ቀኖች ለሁለት ተከፍለው ግማሹ በአፋፉ ላይ፣ ግማሹ በእሳተ ገሞራው አገር ይዋል ነው፤ በሁለቱም ቦታ ይታደር።

እንዲህ ያለ ጉዞ በሌላው ዓለም የታወቀ ነው። ወደ ሃዋይ ትልቁ ደሴት የሚሄዱ ሰዎች ጥቂት ሌሊት በኮና ባሕር ዳርቻ ያድራሉ፤ ከዚያ ዕቃቸውን ጭነው ወደ ኪላዌያ እሳተ ገሞራ አካባቢ ይሻገራሉ። ደሴቱ ሰፊ ነው፤ ምዕራቡ ደረቅና ፀሐያማ፣ የእሳተ ገሞራው ወገን ዝናባማና ብርዳም ነው። ደርሶ መልስ የሞከረ ሰው ቀኑን በመኪና ውስጥ ይጨርሰዋል፤ ላቫው በጨለማ ሲግል የሚታይበት ሰዓት ላይም መንገድ ላይ ይሆናል። ሰሜን ሸዋ ባሕር የለውም። የአየር፣ የከፍታና የኑሮ ልዩነቱ ግን በኮናና በኪላዌያ መካከል ካለው ቢበልጥ እንጂ አያንስም፤ ከደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስቶ የአዋሽ ሸለቆ የደረሰ ሰው ከ1,800 ሜትር በላይ ወርዷል።

ይህን ቁልቁለት የሠራው ራሱ እሳት ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ስንጥቅ የወጣ ላቫ እየተደራረበ የኢትዮጵያን ደጋ አነጠፈ። ከዚያ ብዙ ዘግይቶ፣ ዛሬ 11 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይሆነዋል፣ በዚህ በኩል ምድር ተሰነጠቀች፤ መካከሉ ሰመጠ፤ ዳሩ ቀረ። አንኮበር የተቀመጠችው በዚያ ዳር ላይ ነው። ከደብረ ብርሃን ደቡብ ምሥራቅ ያለው የመገዘዝ ተራራም በዚያው ዳር ላይ የበቀለ የጥንት እሳተ ገሞራ ነው፤ ዕድሜው 10 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። ስለዚህ ላይኛው አገር የበረደ እሳተ ገሞራ፣ ታችኛው ያልበረደ እሳተ ገሞራ ነው። ስምጥ ሸለቆው ዛሬም በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰፋል።

ዝናቡም በዚሁ አፋፍ ላይ ይለያያል። በደብረ ብርሃን የሚያልፈው የበሬሳ ወንዝ ወደ ጀማ፣ ጀማ ወደ ዓባይ ይገባል፤ ያ ውኃ ግብፅን አቋርጦ ሜድትራኒያን ባሕር ይደርሳል። ከአፋፉ ወዲያ በምሥራቅ የጣለው ግን በከሰምና በቀበና ወንዞች አድርጎ ወደ አዋሽ ይወርዳል። አዋሽ ባሕር አያይም፤ በጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ እዚያው በፀሐይ ይተናል።

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ከተማይቱን ያቀኗት አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው፤ በሰማይ የታየ ብርሃን የተቀደሰ ምልክት ሆኖላቸው እንደሆነ ዜና መዋዕላቸው ይተርካል። ታሪክ አጥኚዎች ያን ብርሃን በ1456 እ.ኤ.አ. ከታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ጋር ያያይዙታል። ለመንገደኛ ግን ደብረ ብርሃን ከሁሉ በፊት ብርድ ናት። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል፤ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ይገኛል። አገሩ ገብስ የሚያበቅለው፣ በግ የሚያረባው፣ የመንዝ ሰው የበግ ጠጉር ፈትሎ ባናና ዝተት የሚሠራው፣ ከተማዋም በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የምትታወቀው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ሌሊት በሶ በጥብጦ፣ የገብስ ጠላ ቀምሶ፣ ሁለት ጋቢ ደርቦ ማደር ይበቃል፤ ሰውነትም ከፍታውን ይለምዳል።

አንኮበር ግን አንድ ሌሊት አይበቃትም። ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሜዳ ለሜዳ ይኬድና ድንገት መሬቱ ያልቃል። ከሰዓት በኋላ ጉም ከቆላው ሽቅብ ይወጣና ገደሉን ይሞላዋል፤ ከሰዓት ደርሶ በማታ የሚመለስ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያየው ጉሙን ብቻ ነው። ንጋት ላይ ሰማዩ ሲጠራ የአዋሽ ሸለቆ እስከ ዓይን ዳርቻ ተዘርግቶ ይታያል። ያንን ለማየት እዚያው አድሮ መነሳት ያስፈልጋል።

ቤተ መንግሥቱ የነበረበት ኮረብታ ላይ ከድሮው ግንብ የቀረው ጥቂት ፍርስራሽ ነው፤ በዚያው ኮረብታ ላይ የድሮውን አሠራር የተከተለ ሎጅ አለ። ዳግማዊ ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው በ1865 እ.ኤ.አ. ሸዋን ከያዙ በኋላ ከመናገሻዎቻቸው አንዷ ይህች ነበረች፤ ወደ እንጦጦ እስኪዛወሩ ድረስ ብዙ የውጭ እንግዳ የተቀበሉት እዚህ ነበር። የኢጣሊያ የጂኦግራፊ ማኅበር ልዑካን መሪ የነበረው ኦራዚዮ አንቲኖሪ በአቅራቢያው ሌት ማረፊያ በተባለ ቦታ መሬት ተሰጥቶት የምርምር ጣቢያ አቋቁሞ ነበር፤ በ1882 እ.ኤ.አ. ሞቶ እዚያው ተቀበረ። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ ቅኔውን ትቶ ጠመንጃ ነጋዴ በሆነ ጊዜ፣ በየካቲት 1887 እ.ኤ.አ. ከታጁራ በአፋር በረሃ አቋርጦ አንኮበር ገባ። ንጉሡን ግን አላገኛቸውም፤ ዕቃውን ይዞ እስከ እንጦጦ ተከተላቸው።

የገደሉ ፊት የራሱ ነዋሪዎች አሉት። ጭላዳ ዝንጀሮ ቀኑን በሜዳው ሣር ሲነቅል ውሎ ማታ ከነብርና ከጅብ ለመሸሽ ወደ ገደሉ ወርዶ ያድራል። ለወፍ ተመልካቾች አንኮበር በዓለም የታወቀችው ግን በአንዲት ትንሽ፣ ቡናማ ዥንጉርጉር ዘር በል ወፍ ነው። እስከ 1979 እ.ኤ.አ. በሳይንስ ስም አልነበራትም፤ ስሟንም ከአንኮበር ወሰደች፤ ከኢትዮጵያ ውጭ አትገኝም። የዚች ዘመድ የሆነች፣ ጉሮሮዋ ቢጫ የሆነ ሌላ የአገራችን ብቸኛ ወፍ ደግሞ ከታች በመልካ ጀብዱ ደረቅ ቁጥቋጦ ውስጥ ትኖራለች። በአንድ መንገድ ላይ፣ አንዷ በብርዱ አንዷ በሙቀቱ። ሰፊ ጊዜ ያለው ሰው በአንኮበርና በደብረ ሲና መካከል ያለውን የወፍ ዋሻን የጽድና የዝግባ ደን ይጨምር።

ከአንኮበር ወደ ታች ሲወረድ አልዩ አምባ ይደረሳል። በዚህ ጉዞ ውስጥ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን ቁልቁለት ነው፤ ልብስ አንድ በአንድ እየወለቀ፣ ገብሱ በጤፍ፣ ጤፉ በማሽላ እየተተካ ይወረዳል። አልዩ አምባ የአርጎባዎች አገር ናት፤ በሣህለ ሥላሴ ዘመን የሸዋ ዋና የቆላ ገበያ እሷ ነበረች። የአፋር ግመል አሞሌ ጨው ይዞ እስከዚህ ይመጣ ነበር፤ ግመል ከዚህ በላይ ዳገቱን ስለማይወጣ ዕቃው በበቅሎና በአህያ፣ በሰው ጫንቃም ይዛወር ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ሻምበል ኮርንዋሊስ ሃሪስ በ1841 እ.ኤ.አ. ከታጁራ የመጣው በዚህ በር ነው፤ በዚያው ዓመት ከንጉሡ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ። አልዩ አምባ የደጋው ሰው በቅሎ ከቆላው ግመል ጋር የሚገናኝበት ቦታ እንደነበረች ያወቀ ሰው አንኮበር ለምን እዚያ ገደል አፍ ላይ እንደተሠራች ይገባዋል።

ከአልዩ አምባ በታች የእሳቱ አገር ነው። ፈንታሌ 2,007 ሜትር ከፍታ አለው፤ አናቱ ወደ ውስጥ የሰመጠ ሰፊ ጎድጓዳ ሲሆን ከጎኖቹ እንፋሎት ይወጣል። የመጨረሻው የታወቀ ላቫ የፈሰሰው በ1820 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው፤ ሃሪስ ወደ አንኮበር ሲወጣ ያ ድንጋይ ከበረደ ሃያ ዓመት ያህል ቢሆነው ነው። በመተሐራ የሚያልፍ መንገደኛ በመንገዱ ዳር እንደ ታረሰ መሬት የተገለባበጠውን ጥቁር ድንጋይ ያየዋል። አጠገቡ በሰቃ ሐይቅ አለ። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረ ሐይቅ ዛሬ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል፤ ጨዋማ ውኃው የግጦሽ መሬት ውጧል፤ የመኪናና የባቡር መንገዱንም አስጨንቋል። በ1966 እ.ኤ.አ. በተቋቋመው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ሳላው በሜዳው ይሰማራል፤ አዋሽ በፏፏቴ ወደ ጥልቅ ሸለቆ ይወረወራል፤ በሰሜኑ ጫፍ ደግሞ ፍል ውኃ አለ፤ ዘንባባ በከበበው ሰማያዊ ኩሬ ውስጥ የሚፈልቀውን ውኃ የሚያሞቀው ከሥሩ ያለው እሳት ነው።

ያ እሳት እንቅልፍ እንዳልወሰደው በ2017 ዓ.ም. ሁላችንም አወቅን። ከመስከረም ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች መካከል ምድር ደጋግማ ተንቀጠቀጠች፤ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ያለ ሰው ሳይቀር ሌሊት እየነቃ ወጣ። ታኅሣሥ 25 ቀን በዶፈን መሬት ተቀድዶ እንፋሎት፣ ጭቃና ድንጋይ በኃይል ተፋ። የካቲት 7 ቀን በመጠን 6 የሆነ መንቀጥቀጥ ደረሰ። ቅልጥ ዐለቱ ወደ ላይ ፈንድቶ ከመውጣት ይልቅ ከመሬት በታች በረጅም ስንጥቅ ውስጥ ተሰራጭቶ ነበር። በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ወረዳዎች ቤታቸው የተሰነጠቀባቸው በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ወጥተው በመጠለያ ሰነበቱ። ከደጋው የሚወርደውን ወንዝ የያዘው የከሰም ግድብም በዚያው አካባቢ ስለሆነ ሥጋቱ ድርብ ነበር። እሳተ ገሞራ አይቶ ለመዝናናት የሚሄድ ሰው ይህን አውቆ ይሂድ፤ በሚያየው ድንጋይ ላይ የሚኖሩ ከረዩዎችና አፋሮች አሉ፤ ገንዘቡም በተቻለ መጠን በእነሱ እጅ ይግባ፤ መንገድ መሪ፣ ግመልና ወተት ከእነሱ ይገኛል።

አካሄዱን በተመለከተ፣ ከላይ ወደ ታች ይሁን እላለሁ። ከሙቀቱ ወደ ብርዱ የወጣ ሰው መጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ሲንቀጠቀጥ ያሳልፋል፤ ከብርዱ ወደ ሙቀቱ የወረደ ግን ፍል ውኃው ሲደርስ አጥንቱ ይፈታል። አንድ ሌሊት ደብረ ብርሃን፣ ሁለት ሌሊት አንኮበር፣ ሁለት ሌሊት አዋሽ ጥሩ ክፍፍል ነው። ወሩ ከኅዳር እስከ ጥር ቢሆን ይመረጣል፤ በላይ ውርጭ ቢኖርም ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ በታችም በግንቦትና በሰኔ ከ35 ዲግሪ በላይ የሚወጣው ሙቀት ያን ጊዜ ይበርዳል። በክረምት ግን ጉሙ አንኮበርን፣ ጎርፉ የቆላውን ወንዞች ይይዛቸዋል።

በአልዩ አምባ በኩል በቀጥታ ወደ አዋሽ ሸለቆ መውረድ በካርታ ሲታይ አጭሩ መንገድ ነው፤ ጠንካራ መኪናና አገሩን የሚያውቅ ሰው ይጠይቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው አልዩ አምባ ድረስ ወርዶ፣ ተመልሶ በአዲስ አበባና በአዳማ በኩል መተሐራ መግባት ይሻላል፤ መንገዱ ይረዝማል እንጂ አስፋልት ነው። የሰሜን ሸዋ ጸጥታ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ከመነሳት በፊት ደብረ ብርሃን ያለ ዘመድ ወይም ሹፌር መደወል ግዴታ ነው፤ ሲጨልምም መንገድ ላይ አለመገኘት። ስለ ፈንታሌ ደግሞ መተሐራ ወይም አዋሽ ሰባት ላይ ጠይቆ፣ መሬቱ የተረጋጋ መሆኑን ሰምቶ፣ ከከረዩ መንገድ መሪ ጋር ከንጋት በፊት መውጣት ይጀመራል፤ ፀሐይዋ ከበረታች በኋላ በዚያ ጥቁር ድንጋይ ላይ ጥላ የለም፤ ውኃ ከታች ተሸክሞ ካልተወጣ በስተቀር አናቱ ላይ አይገኝም።