አባቱ ግንባር ያለ ተማሪ

ለብዙ ኢትዮጵያዊ ጂዛን ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለው ቀይ ባሕርን ተሻግሮ፣ የመንን በእግሩ አቋርጦ የሚመጣው ስደተኛ ነው። በዚያው ተራራማ ድንበር ላይ ዘብ የቆሙት የሳዑዲ ወታደሮችም ልጆች አሏቸው። ከጂዛን ከተማ በስተምሥራቅ፣ የየመንን ድንበር ይዞ የሚገኘው የአል-ሐርስ አውራጃና መቀመጫው አል-ኹባ የወታደር ልጅ ትምህርት በጦርነት ጊዜ እንዴት እንደሚናጋ ጥሩ ማሳያ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በኅዳር 2009 ከየመን ሁጢ አማፂያን ጋር በድንበሩ ተራራ በጀበል ዱኻን ዙሪያ ውጊያ ሲከፈት የሳዑዲ መንግሥት የአካባቢውን መንደሮች ነዋሪ በሙሉ አስወጣ። ብዙ ቤተሰብ አሐድ አል-መሳሪሓ አጠገብ በተተከለው የድንኳን ሰፈር አረፈ፤ ተማሪዎቹም ከድንበር ራቅ ባሉ ከተሞች ትምህርት ቤቶች ተደለደሉ። በቀጣዩ ወር ንጉሥ አብዱላህ ጂዛንን ጎብኝተው ለተፈናቃዮቹ 10,000 ቤት እንዲሠራ አዘዙ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2015 ሳዑዲ የመራችው የየመኑ ዘመቻ ሲጀመር ደግሞ በጂዛንና በነጅራን የድንበር ከተሞች ትምህርት ቤቶች እንደገና ተዘጉ። መፈናቀሉ የሁሉም ልጅ ችግር ነበር። የወታደሩ ልጅ ግን ሰፈሩን ለቆ ሲወጣ አባቱ ወደዚያው ወደተለቀቀው ሰፈር ተመልሶ ይገባ ነበር። ከጣኢፍ ወይም ከሪያድ ወደ ደቡብ ድንበር የዘመተ ወታደር ልጅም ከቤቱ ሳይነቀል፣ በማያውቀው ተራራ ላይ ስላለው አባቱ እያሰበ ክፍል ይገባል።

የወታደር ልጅ ትምህርት ጥያቄ የሳዑዲ ብቻ አይደለም። እኛም ዘንድ ወደ ግማሽ ምዕተ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ እየተነሳ ሲወድቅ ቆይቷል። በእኔ እምነት መልሱ ሁሌም ከአንድ ወገን ብቻ ሆኖ ኖሯል፦ መንግሥት የሞተውን ወታደር ልጅ ሰብስቦ ለብቻው ያሳድጋል፤ በሕይወት ያለው ወታደር ልጅ፣ በተራው ትምህርት ቤት ከሌሎች ልጆች ጋር የተቀመጠው፣ አይታይም።

የመጀመሪያው ትልቅ ሙከራ ከሶማሊያ ወረራ ማግስት የመጣ ነው። ወረራው ሐምሌ 1969 ዓ.ም. ተጀምሮ፣ የካራማራው ድል የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ከተገኘ በኋላ፣ አባታቸውን በኦጋዴን ያጡ ልጆች ጉዳይ የመንግሥት ጉዳይ ሆነ። በስምጥ ሸለቆ፣ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ አላጌ ላይ፣ የሕፃናት አምባ ተቋቋመ። የወታደርና የሚሊሻ ልጆች ከየክፍለ ሀገሩ ተሰብስበው እዚያው አደሩ፣ እዚያው ተማሩ። አብረዋቸው የኖሩ ሞግዚቶች እናት ሆኗቸው፤ በአምባው ያደጉትም እስከ ዛሬ እንደ ወንድምና እህት ይፈላለጋሉ።

ከዚያም ርቆ የሄደው የኩባ ጉዞ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ ሁለት ሺህ አራት መቶ ያህል ልጆች የወጣቶች ደሴት ተብላ ወደተሰየመችው የኩባ ደሴት ተላኩ። ሁለት ትምህርት ቤት ተሰጣቸው፤ አንዱ ካራማራ ይባል ነበር። ሥርዓቱ የኩባ የገጠር ትምህርት ቤት ሥርዓት ነበር፦ ግማሹን ቀን ክፍል ውስጥ፣ ግማሹን ቀን በአቅራቢያው ባለው የብርቱካንና የግሬፕፍሩት እርሻ ላይ። በስፓኒሽ ተምረው መሐንዲስ፣ ሐኪም፣ የግብርና ባለሙያ የሆኑ ብዙ ናቸው። ትምህርቱ እውነተኛ ነበር፤ ይህን የሚክድ ሰው ያለ አይመስለኝም። ነገር ግን አባቱ የሞተበት የአሥር ዓመት ልጅ በአንድ ጊዜ እናቱን፣ ቋንቋውንና አገሩንም እንዲለቅ ተደርጓል። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ደግሞ ኩባ የቀሩት የሚጠይቃቸው አጥተው ለዓመታት ተንጠልጥለው ቆዩ። አላጌም የሕፃናት አምባ መሆኑ ቀርቶ በኋላ የግብርና ኮሌጅ ሆነ።

በዚያው በ1983 ዓ.ም. ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋው የደርግ ሠራዊት ተበተነ። የቀድሞ ሠራዊት አባላትንና የጦር ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ኮሚሽን ተቋቁሞ ለወታደሩ መሬት፣ እህልና የመቋቋሚያ ገንዘብ ሰጠ። ያ ሁሉ ወታደር ግን ቤተሰብ ነበረው፤ ከካምፕ ቤቱ ሲወጣ ልጁም ከካምፑ አጠገብ ካለው ትምህርት ቤት ወጥቷል። እኔ እስከማውቀው በመቋቋሚያው ውስጥ የልጁ ትምህርት ራሱን የቻለ ጉዳይ ተደርጎ አልተያዘም። ከባድመ ጦርነት በኋላም፣ ከ1993ቱ የአልጀርስ ስምምነት ማግስት፣ ሠራዊቱ ሲቀነስ የሆነው ከዚህ ብዙም አይለይም።

በተራው ትምህርት ቤት የሚገኘው የወታደር ልጅ ችግር ሲታይ ትንሽ ይመስላል። ጥር ላይ አባቱ ከባሕር ዳር ወደ ሐረር ይቀየራል። እናት ልጇን ይዛ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ በር ላይ ትቆማለች። መልቀቂያ የለም፣ ምክንያቱም ሲወጡ ጊዜ አልነበረም፤ የመጀመሪያው ሴሚስተር ካርድም ገና አልተሰጠም። «ለከርሞ አምጪው» ትባላለች። ልጁ አምስት ወር ቤት ይቀመጣል።

ከዚያ ቋንቋው አለ። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ፈቅዷል፤ ትክክል ነው፣ መቀጠልም ያለበት ነገር ነው። ለተዘዋዋሪ ቤተሰብ ግን እያንዳንዱ ዝውውር አዲስ የማስተማሪያ ቋንቋ ሊሆን ይችላል፤ ሦስተኛ ክፍልን በአማርኛ፣ አራተኛን በአፋን ኦሮሞ፣ አምስተኛን በሶማሊኛ። እንደ አዳማና ድሬዳዋ ባሉ ከተሞች አማርኛ ክፍል ይገኛል፤ ካምፑ ከከተማ ሲርቅ ግን አማራጩ ይጠባል። ስምንተኛ ክፍል ላይ ሚኒስትሪ የሚቀመጠው ልጅ ከማባዛት ሠንጠረዥ በፊት የጥያቄውን ቋንቋ መፍታት ይኖርበታል። በዚህ ምክንያት ብዙ ወታደር ቤተሰቡን አያንቀሳቅስም፤ ልጁ ከአያት ወይም ከአክስት ጋር ይቀራል፣ አባቱን በዓመት አንዴ በፈቃድ ጊዜ ያያል።

ክፍል ውስጥም እንዲሁ ነው። አንድ ልጅ ሲያረፍድ ወይም የቤት ሥራ ሳይሠራ ሲቀር የተለመደው ቅጣት «ወላጅ አምጣ» ነው። አባቷ ግንባር፣ እናቷ ጉልት ላይ ወይም ሰው ቤት ሥራ ላይ የሆኑባት ልጅ ማንን ታመጣለች? ሦስት ቀን ትምህርት ቤት በር ላይ ከቆመች በኋላ አራተኛው ቀን አትመጣም። መምህሩ ያባረራት አይመስለውም፤ በተግባር ግን አባሯታል።

መርዶው ደግሞ ከሁሉም ይከብዳል። በትግራይ፣ ከፕሪቶሪያው ስምምነት አንድ ዓመት ገደማ በኋላ፣ ለሞቱ ተዋጊዎች ቤተሰቦች መርዶ ተነግሮ ከጥቅምት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የሦስት ቀን ሐዘን ታወጀ። በዚያ ሳምንት ስንት ልጅ አባቱ እንደማይመለስ እንዳወቀ ማሰብ ይከብዳል። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. የሰሜን ዕዝ ሲጠቃ አባታቸው ካምፕ ውስጥ የነበሩ ልጆችም ለረጅም ጊዜ ምንም ሳይሰሙ ከርመዋል። ልጁ በየትኛውም ወገን ይሁን፣ ሰኞ ዕለት ዴስኩ ላይ ሲቀመጥ መምህሩ ቅዳሜና እሑድ ምን እንደደረሰበት ካላወቀ ዝምታውን እንደ ስንፍና፣ ቁጣውን እንደ ብልግና ይቆጥረዋል። በአማራ ክልል ከ2015 ክረምት ወዲህ ብዙ ትምህርት ቤቶች በመንግሥት ኃይሎችና በታጣቂዎች ግጭት ተዘግተዋል፤ በተከፈቱት ውስጥ ያለ የወታደር ልጅ «አባትህ ምን ይሠራል?» ተብሎ በጓደኞቹ ፊት ሲጠየቅ ለምን መሬት መሬት እንደሚያይ መረዳት አያስቸግርም። ጥያቄው እዚያ በግልጽ ክፍል ውስጥ ባይጠየቅ እመርጣለሁ።

ሌላው ዓለም ከተመሳሳይ ችግር የወሰደው ትምህርት የሚገርም ያህል ቀላል ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1803 ቼልሲ ላይ የወታደር ልጆች ማሳደጊያ ከፍታ፣ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2011 በተራው ትምህርት ቤት ለሚማር ለእያንዳንዱ የወታደር ልጅ ለትምህርት ቤቱ የሚከፈል ድጎማ ጀመረች፤ መነሻው በዓመት 200 ፓውንድ ነበር። ገንዘቡ ለልጁ አይሰጥም፤ ትምህርት ቤቱ ልጁን እንዲከታተልበትና እንዲደግፍበት ነው። በአሜሪካ የወታደር ልጅ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከስድስት እስከ ዘጠኝ ጊዜ ትምህርት ቤት ይቀይራል፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የተጀመረውና በኋላ ሃምሳዎቹም ግዛቶች የፈረሙት ስምምነት ተቀባዩ ትምህርት ቤት ሙሉ ሰነድ ሳይጠብቅ ልጁን በያዘው ማስረጃ ወዲያው ክፍል እንዲያስገባ ያዛል።

ይህን ለማድረግ አምባ መሥራት አያስፈልግም፤ ባሕር ማሻገርም አያስፈልግም። ትምህርት ሚኒስቴርና መከላከያ ሚኒስቴር አንድ ደብዳቤ ይፈራረሙ፦ የተዘዋወረ ወታደር ልጅ መልቀቂያው እስኪደርስ በእናቱ ቃልና በደብተሩ ይመዝገብ። ክልሎች ደግሞ ቋንቋው ለተለወጠበት ልጅ የአንድ ሴሚስተር ማጠናከሪያ ይስጡ። መምህር ከሆንክ ግን ደብዳቤውን አትጠብቅ፤ ከነገ ጀምሮ «ወላጅ አምጣ» ከማለትህ በፊት ልጁን ለብቻው ጠርተህ ቤት ማን እንዳለ ጠይቀው።