የሕፃናት የሆድ ድርቀትና የኤክስሬይ ፊልም

በሐረር ከተማ፣ በጀጎል ግንብ ዙሪያ ከሚኖሩ ወላጆች ጋር ስለ ንጽሕና በተወያየንበት ዕለት አንዲት እናት ትልቅ ፖስታ ይዘው ቀረቡን። በውስጡ የስድስት ዓመት ልጃቸው ሆድ የተነሣበት የኤክስሬይ ፊልም ነበረ። «ዲያቆን፣ ሆዱ በሰገራ ሞልቷል ብለውኛል፤ እንግዲህ ምን ላድርግለት?» አሉ። ገንዘባቸውን ከፍለው ፊልሙን ይዘዋል፤ ልጁ ግን እንዳመመው ነው። እኛ ሐኪሞች አይደለንም፤ ነገር ግን ጥያቄው የብዙ ወላጆች በመሆኑ የሕክምና መመሪያዎች የሚሉትን እናቀርባለን።

በጤነኛ ልጅ ትልቁ አንጀት ውስጥም ሁልጊዜ ሰገራ አለ። ስለዚህ ፊልሙ ሰገራ ማሳየቱ ብቻውን ድርቀት መኖሩን አያረጋግጥም። ያንኑ ፊልም አንዱ ሐኪም «ሞልቷል» ሲለው ሌላው «ደኅና ነው» ሊለው ይችላል። የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ የሕፃናት የሆድ ዕቃ ሐኪሞች ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት የጋራ መመሪያ፣ ድርቀትን ለመለየት ኤክስሬይ በዘልማድ እንዳይታዘዝ የመከሩት በዚህ ምክንያት ነው። ጨረሩ ጥቂት ቢሆንም በማደግ ላይ ላለ አካል ያለ በቂ ምክንያት አይሰጥም። ከሁሉ የሚከፋው ግን «ድርቀት ነው» ተብሎ ትርፍ አንጀትን የመሰለ ሌላ ሕመም ሳይታይ መቅረቱ ነው።

ታዲያ በምን ይታወቃል? በአብዛኛው በጥያቄና በእጅ ምርመራ። ልጁ በሳምንት ስንት ጊዜ ይጸዳዳል? ሁለት ጊዜ ወይም ከዚያ ያነሰ ነውን? ሰገራው ደረቅ ነው? ያመዋል? እግሩን አጣብቆ ይቋጥራልን? እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። የደረቀው ሰገራ መውጫውን ሲዘጋ፣ ከበላዩ ያለው ቀጭን ሰገራ በጎኑ እየሾለከ ልብስ ያበላሻል። ወላጆች ተቅማጥ መስሏቸው የተቅማጥ መድኃኒት ይሰጣሉ፤ ወይም ልጁን «አውቆ ነው» ብለው ይቀጣሉ። ልጁ ግን አያውቀውም፤ ሲቀጣም ይበልጥ ይቋጥራል።

ኤክስሬይ ቦታ የለውም ማለታችን አይደለም። ልጅ ሳንቲም ወይም ባትሪ ውጦ እንደሆነ፣ አንጀትም ተዘግቷል ተብሎ ሲጠረጠር እጅግ ያስፈልጋል። አረንጓዴ ትውከት፣ የተነፋ ሆድ፣ ደም ያለበት ሰገራ፣ የክብደት መቀነስ፣ እንዲሁም ከተወለደ በ48 ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያውን ጥቁር ሰገራ ያላወጣ ጨቅላ ከታየ ጊዜ ሳይሰጡ ወደ ሆስፒታል መሄድ ይገባል፤ በሐረር ሕይወት ፋናን የመሰለ የማስተማሪያ ሆስፒታል አለ።

ሕክምናው ትዕግሥት ይጠይቃል። በሐኪም የታዘዘው ማለስለሻ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይወሰዳል፤ ልጁ ተሻለው ብሎ ወዲያው ማቋረጥ ድርቀቱን ይመልሰዋል። ከምግብ በኋላ እግሩን አስደግፎ ጥቂት ደቂቃ ማስቀመጥ፣ በቂ ውኃ ማጠጣት፣ ጥራጥሬ፣ አትክልትና እንደ ፓፓያ ያለ ፍራፍሬ መመገብ ይረዳል።

እናቲቱን ልጁ በትምህርት ቤት ይጸዳዳ እንደሆነ ጠየቅናቸው። ትምህርት ከጀመረ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ እዚያ ገብቶ እንደማያውቅ ነገሩን፤ የመጸዳጃ ቤቱ በር መቀርቀሪያ የለውም።